ለቅሶ በተጠራበት ቀን የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ሐምሌ ፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ለሶዶ ከተማ ምክር ቤት የቀረቡ ሦስት እጩዎች ስለ መሀል ከተማው ያላቸውን አሳብ ሊገልጹ በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ተሰብስበናል። እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ዕረፍት ከመጣሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም ነበር። ቃለ ጉባኤ እንድይዝ የጠየቁኝ የአሰናጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት በጡረታ የተገለሉ ሽማግሌ ናቸው። የእጅ ጽሑፌ እንደሚነበብ ሰምተዋል። ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ጠረጴዛ ሰጡኝ፤ ወረቀቱን ራሴ አሰመርኩ።

እናቴ ከረድፋችን ሴቶች ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። ረድፍ የምንለው በዋናው መንገድ ዳር ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የተሠሩትን አሥራ ሁለት የሣር ክዳን ቤቶች ነው። ባለቤቶቻቸው ከፊት ይሸጡባቸዋል፣ ከኋላ ይኖሩባቸዋል። እናቴ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ትሸጥ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔን ያስተማረኝ ያ ቤት ነው። በዚያን ጊዜ ለምክር ቤቱ መምረጥም ሆነ መመረጥ የሚችለው በከተማው ውስጥ ቤት ያለው ሰው ብቻ ስለነበር፣ ስሟ በመራጮች መዝገብ የሰፈረውም በዚያው ቤት ምክንያት ነው። የሣር ቤቶቹ ይፍረሱ የሚል ወሬ ከሰነበተ በኋላ ሴቶቹ ዝናቡን ጥሰው የመጡት ለዚህ ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት መጠጥ ቤትና የሸቀጥ መደብር የነበራቸው እጩ ናቸው። መሀል ከተማው እንዲደምቅ ከተፈለገ መንገዱ ግራና ቀኙ ቆርቆሮ መልበስ፣ መብራት መግባት፣ አውቶቡስም መቆሚያ ማግኘት እንዳለበት አስረዱ። አሁን ግን መንገደኛው ሣሩን አይቶ ሳይወርድ ያልፋል አሉ።

«የከተማ መሀሉ ፊቱ ነው። ፊቱን የማይታጠብ ሰው ማን ይጠጋዋል?»

ፊት የተቀመጡት ሳቁ። ሦስተኛው እጩ ግን ተራውን አልጠበቀም። እሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ የረድፋችን ብቸኛ ወንድ ባለቤት፣ የሴቶቹም ተስፋ።

«ልክ ነው ጋሼ፤ ፊቱን ልታጠብ ብሎ ዓይኑን የሚያወጣ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።»

እናቴ ይህን ለሴቶቹ በወላይትኛ ስትነግራቸው ከኋላ የመጣው ሳቅ ዘግይቶ መጣ፤ ረዘም ብሎም ቆየ። መጠጥ ቤት ያላቸው እጩም ፈገግ አሉ። ሁለተኛው እጩ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌና የቀድሞ መምህር ናቸው። ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይና ስለ ሥጋ መሸጫ ንጽሕና በዝግታ ተናገሩ፤ የሣር ቤቶቹ ወደ ኋላ ሠፈር ቢዛወሩ ለሁሉም ይሻላል ብለው ደመደሙ። ልብስ ሰፊው ሲመልስላቸው፣ ከደጋ ወርዶ ወደ መሀል ከተማ የሚገባው ሰው ቅቤውንና በርበሬውን ፈልጎ እንጂ ቆርቆሮ ሊያይ አለመሆኑን ተናገረ። ሴቶቹ ክዳኑን በራሳቸው እንዲቀይሩ አንድ ዓመት ይሰጣቸው አለ። ክፍሉ ወደ እሱ እያዘነበለ እንደነበር ሊቀ መንበሩ እንኳ የተረዱት ይመስለኛል።

የለቅሶ ጥሪው የተሰማው ያኔ ነው። አንድ ሰው ጃንጥላውን እንኳ ሳያጥፍ በር ላይ ቆሞ፣ ኦቶና ሆስፒታል ተኝታ የነበረችው የረድፋችን በቆሎ ሻጭ ማረፏን ተናገረ።

ለከተማ አንባቢ ማስረዳት ያለብኝ ነገር አለ። በወላይታ ለቅሶ ሲጠራ ስብሰባ ይበተናል። ሰው በሚመክርበትና በሚዳኝበት ሜዳ፣ በዱቡሻው ላይ፣ ከባድ የመሬት ክርክር ቢሆን እንኳ ተናጋሪው ቃሉን አቋርጦ ይነሣል፤ ነገሩ በተቋረጠበት ተይዞ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ጥሪ ሰምቶ የተቀመጠ ሰው የራሱ ቀን ሲደርስ ሬሳውን የሚያነሣለት አያገኝም። ስለዚህ ሴቶቹ ፈቃድ አልጠየቁም፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር አልነበረም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ልብስ ሰፊውም ወጣ። እናቴ በጠረጴዛዬ በኩል ስታልፍ፣ «ወረቀትሽን ሰብስቢና ተከተይን» አለችኝ።

ብዕሬን ከደንኩ።

«ልጄ፣ አንቺ ተቀመጪ። አልጨረስንም» አሉ ሊቀ መንበሩ።

የቀድሞው መምህር ባርኔጣቸውን ይዘው ተነሡ፤ ዙሪያቸውን አዩና መልሰው ተቀመጡ። መጠጥ ቤት ያላቸው እጩ ግን አልተንቀሳቀሱም።

«ለቅሶ የየራስ ነው፣ ከተማ የሁሉም ነው። የቀረነው እንጨርስ።»

ሊቀ መንበሩ የረድፉ መፍረስ በስብሰባው ስም ይጠየቅ እንደሆነ አቀረቡ። የሚቃወም አለ ወይ ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ፤ በሁለተኛው ወደ እኔ የተመለከቱ መሰለኝ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አሳብ አይሰጥም የሚለውን ደንብ በዚያው ዓመት በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ተምሬ ነበር። ንጹሕ ደንብ ነው እያልኩ እወደውም ነበር። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ከዚያ አጻፉኝ፦ የረድፉ ባለቤቶች ስብሰባውን ትተው ስለወጡ ተቃውሞ አልቀረበም። «ለቅሶ ስለተጠራ» የሚል ላስገባ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ምክንያት ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም» አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም።

አላስገባሁትም። አንድም ስርዝ ድልዝ የሌለበት ገጽ ነበር። ሁለቱ እጩዎች ፈረሙ። የማዘጋጃ ቤቱ ባለሥልጣኖች በማግስቱ ጠዋት እንዲወስኑበት ወረቀቱን በፖስታ አሽገው ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ይዘውት ሄዱ።

ለቅሶው ቤት የደረስኩት ሳይመሽ ነው። እናቴ ከጭቃው ላይ በተነጠፈው ሣር ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ዓይኗ አብጧል። ስብሰባው ለመቼ እንደተቀጠረ ጠየቀችኝ።

«ለነገ ጠዋት» አልኳት።

ለሴቶቹ ነገረቻቸው። ልብስ ሰፊው ራሱን ነቀነቀ፤ በሁለት ሰዓት ተነሥተን አብረን እንሄዳለን አለ። አንደኛዋ ሴት፣ እሱ ሲናገር እሷም ከጎኑ እንደምትቆም፣ አማርኛው ቢያቅታት በወላይትኛ እንደምትናገር ገለጸች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ «አንቺ ዝም ብትይ ነው የሚያሸንፈው» አለቻት። በለቅሶ ቤት የሚፈቀደውን ያህል ሳቁ። እኔ ያልኩትን ለማረም ጊዜ ነበረኝ። ማንም አልቸኮለም፤ ዝናቡም አባርቶ ነበር። ሬሳው እስኪወጣ ድረስ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ምንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ዓርብ በሦስት ሰዓት ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ በትምህርት ቤቱ ደጅ ቆሙ። የሚሰበሰብ ሰው አልነበረም፤ በግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። እንዳነብላቸው አስጠጉኝ፤ ወደ ወላይትኛ እየመለስኩ አነበብኩ። በስብሰባው ጥያቄ መሠረት የሣር ክዳን ረድፉ በአሥር ቀን ውስጥ በባለቤቶቹ እጅ እንዲፈርስ፤ ባለቤቶቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው ቤት እንደሌላቸው ተቆጥሮ ስማቸው ከመራጮች መዝገብ እንዲሰረዝ፤ ልብስ ሰፊውም በዚሁ ምክንያት ከእጩነት እንዲወጣ ተወሰነ።