የሸዋረገድ እናት አበባ

ከላፍቶ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ጉርሜሳ ነው። ሌላው፣ ሰማያዊ ሸራ የወጠረው፣ ጋሽ ወጋየሁ ነው። ሰፈርተኛው ግን ወጋየሁ አይለውም፤ «ዶክተር» ነው የሚለው። ቅጠል ቢያሳዩት ስሙን ይናገራል፣ የደረቀ ቢያመጡለት መድኃኒቱን ያዛል። የማያውቀው ቢመጣበትስ? ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ያኔም ይናገራል! ወጋየሁ ስድሳ ዓመት አልፎት «አላውቅም» የምትባል ቃል ከአፉ አትወጣም ነበር።

ምን ያድርግ፣ በልጅነቱ ተቀጥቶባታል። ገና ከገጠር መጥቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ አትክልተኛ ሆኖ የተቀጠረ ሰሞን፣ የግቢው ኃላፊ ወደ አንድ ዛፍ ጠቆመና «ይሄ ምንድን ነው?» አለው። «አላውቅም ጌታዬ» አለ ወጋየሁ። «አላውቅም የሚልማ ከበሩ ውጭም ሞልቶልኛል!» አለ ኃላፊው። በዙሪያው የነበረ ሁሉ ሳቀ። ያ ሳቅ ከወጋየሁ ጆሮ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እጁ ለምለም ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ይሳካለታል። ያልተሳካለት ጊዜም ተክል አፍ የለው፣ ማን ይከሰዋል?

ወይዘሮ ሸዋረገድ የመጣችው የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም፣ ኅዳር ላይ ነው። ፉሪ የምትኖር፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራ፣ ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት። ጥቁር ለብሳ፣ ጆሮው የተሰበረ የሸክላ ድስት ደረቷ ላይ አቅፋ ከሚኒባስ ወረደች። ድስቱ ውስጥ ያለው ተክል ጉድ ነው። እሾህ የለው፣ ቅጠል የለው! ጠፍጣፋና ረጃጅም ነገር፣ ዳርና ዳሩ እንደ መጋዝ የተከረከመ፣ እንደ አረንጓዴ ቀበቶ ወደ ታች የተንጠለጠለ።

«ጋሽ ወጋየሁ የሚባሉት እርስዎ ነዎት? ሁሉን ያውቃል ብለውኝ ነው» አለች። «የእናቴ ነው። ጅማ ነበረች። ስታርፍ ቤቱ ተሸጠ፣ እኔ የወሰድኩት ይሄን ብቻ ነው። እሷ ዘንድ እያለ በየዓመቱ ሳህን የሚያህል ቀይ አበባ ነበር የሚያወጣው። ስሙን እንኳን ሳልጠይቃት ሞተች፤ እሷም ‹አበባዬ› ነበር የምትለው። እኔ ጋ ከመጣ ወዲህ እንዳኮረፈ ነው። ሚያዝያ ላይ ሙት ዓመቷ ነው፤ ለዚያ ቀን እንኳን ቢያብብልኝ ብዬ ነው።»

ወጋየሁ እንዲህ ያለ ነገር ዕድሜ ልኩን አይቶ አያውቅም። ድስቱን ዞር ዞር አድርጎ አየው። ጉርሜሳ ከአጠገብ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል።

«ቁልቋል ነው» አለ ወጋየሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የፈረንጅ ቁልቋል።»

«ቁልቋል? እሾህ እንኳን የለውም እኮ።»

«የፈረንጅ ነው አልኩሽ እኮ! የገደለው ጥላ ነው። ጣራ ላይ አውጪው፣ ፀሐይ ይጥገብ። አፈሩ ላይ አሸዋ አብዢበት። ውሃ በወር አንዴ፣ እሱንም ካስታወስሽ።»

«እናቴ ግን አቮካዶው ሥር ነበር የምታስቀምጠው። ውሃም ቢሆን…»

«እናትሽን ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸው አበባ ይወዱ ነበር፤ የኔ ግን ሥራዬ ነው!»

ሸዋረገድ ድስቱን ፊቱ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» ብላ የአሸዋውን ክምር ልታይ ዞር አለች።

ችግኝ ሻጭ ደግሞ አንድ ልማድ አለው። የማያውቀው ተክል ፊቱ ከቀረበ እጁ አያርፍም፤ ባለቤቱ ዞር ስትል ከጫፉ ቀንጠብ ያደርጋል። እርስ በርሳቸው «ዘር ያዝኩ» ይባባላሉ እንጂ ሰረቅሁ የሚል የለም። ወጋየሁም ጣት የምታህል ጫፍ ቀንጥቦ ኪሱ ከተተ። ያኔ ጣቱን አየ። ቁልቋል ሲቀነጠብ ወተት ያፈሳል፤ ዓይን ያጠፋል እየተባለ ልጅ የሚቆጡት ለዚያ ነው። ጣቱ ላይ የቀረው ግን ጥርት ያለ ውሃ ነው። ወጋየሁ ክው አለ። ቁልቋል አይደለም!

ሸዋረገድ አምስት እርምጃ አልራቀችም። «ቆይ እስቲ እህቴ፣ ተሳስቻለሁ፣ ይሄን አላውቀውም» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ግን ጉርሜሳ ያያል። ወጋየሁ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና «አሸዋውን በሳምንቱ ቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ» አለ። አይ ወጋየሁ!

ጫፏን ሸዋረገድ ድንገት ተመልሳ እንዳታያት ከሸራው ጀርባ ደበቃት። ከውሃው በርሜል ሥር፣ ፀሐይ የማይደርስበት፣ የረገፈ ቅጠል የሚከምርበት ጥግ አለ፤ እዚያ ግማሹ በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ውስጥ፣ የበሰበሰ ቅጠል ሞልቶ ሻጣት። በርሜሉ ሲንጠባጠብ እሷም ትጠጣለች። እንዲያ ሆና ቀረች።

በሳምንቱ አሸዋውን በባጃጅ ጭኖ ፉሪ ሄደ። ድስቱ ኩሽናው ቆርቆሮ ላይ ወጥቷል። የቀትር ፀሐይ አናቱን ይቀጠቅጠዋል። አረንጓዴው ገርጥቶ ዳር ዳሩ መቅላት ጀምሯል። «ይኸው እንዳሉኝ አድርጌያለሁ» አለች ሸዋረገድ፣ የቤት ሥራዋን እንደጨረሰች ተማሪ። «መቅላቱ ግን ምንድን ነው?»

«ፀሐዩን እየለመደ ነው» አለ ወጋየሁ። የሰጠችውን ሻይ ጠጣና ወጣ። ያን ቀን እንኳን ቢናገር ኖሮ ተክሉ ይተርፍ ነበር።

የካቲት ላይ ድስቱን ይዛ ተመለሰች። አረንጓዴ የሚባል ነገር አልቀረውም፤ እንደ አሮጌ ጫማ ቆዳ ተኮማትሯል። ድስቱን መሬት አስቀመጠችና አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ገደልኩት፣ ጋሽ ወጋየሁ» አለች። «እርስዎማ ደህና አድርገው ነግረውኝ ነበር፤ የኔ እጅ ነው የማይረባው። አንድ ቀን በጣም ሲያሳዝነኝ ጊዜ፣ ወሩ ሳይደርስ አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠጣሁት። እሱ ይሆን የገደለው?» ይሄን ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ከወጋየሁ ጀርባ፣ ከሸራው ወዲያ፣ ሦስት እርምጃ እንኳን በማይሞላ ቦታ፣ ያቺ ጫፍ ሁለት ለምለም ቡቃያ አውጥታለች። ጠዋት አይቷት «ጎበዝ!» ብሏት ነበር። አሁን ሄዶ አምጥቶ እጇ ላይ ቢያስቀምጥላት ለቅሶዋ በአንድ ጊዜ ይቆም ነበር። ግን እንዴት ብሎ? የቀነጠበው ይወጣል፣ ያላወቀው ይወጣል፣ ዶክተርነቱ ጉርሜሳ ፊት አፈር ይበላል።

«ውሃው ይሆናል» አለ ወጋየሁ።

ጆሮው ራሱ ማመን አቃተው። ሸዋረገድ ራሷን ነቀነቀች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ለምክሩ አመስግናው ባዶ እጇን ሄደች። ድስቱን እዚያው ትታው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ወጋየሁ ፀባዩ ተለወጠ። ያንን ድስት ሊጥለውም ሊሸጠውም አልሆነለትም። ደንበኛ ሲመጣበት ይነጫነጫል፤ ጥቁር የለበሰች ሴት ከሚኒባስ ስትወርድ ከሸራው ጀርባ ይገባል። ጉርሜሳ «ዶክተር፣ ምነው ሐኪም ያስፈልግሃል እንዴ?» እያለ ያበሽቀዋል።  ጫፏ ግን ያላንዳች ሐሳብ ታድጋለች። በዓመቷ ከጄሪካኑ አልፋ መንጠልጠል ያዘች።

ያኔ ነው ቲና ያየቻት። ቲና ግቢ የማስዋብ ሥራ የምትሠራ፣ ተክል የተማረች ልጅ ናት፤ ሣር ልትገዛ መጥታ እጇን ልትታጠብ ከሸራው ጀርባ ዞረች።

«ጋሼ! ይሄን ከየት አገኘኸው?»

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ወጋየሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሱ ነበር የሚነግራት።

«ካክተስ ነው። ግን የበረሃው ዓይነት አይደለም፣ የጫካ ነው፤ ከኛ ቁልቋል ጋርም ዘር አይገናኝም። አገሩ ሞቃትና ዝናባም ነው፤ ትልልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ቅጠል የሚመስለው ግንዱ ነው፣ አበባው ከነዚህ ከተከረከሙት ጥርሶች መሃል ይወጣል። ቀጥተኛ ፀሐይ ያቃጥለዋል። የበሰበሰ ቅጠል፣ ጥላ፣ ላዩ ደረቅ ሲል ውሃ፤ በቃ። አንተማ ልክ እንደሚፈልገው አድርገህ ይዘኸዋል!» የሳይንስ ስሙንም ነገረችው፤ ረዥም ነው፣ አልያዘውም። «ብርድ ሲሆን ውሃውን ቀንስለት። እምቡጥ ካወጣ ደግሞ እንዳታንቀሳቅሰው፣ ያረግፈዋል።»

«አቮካዶ ሥር ቢቀመጥስ?» አለ ወጋየሁ።

«አቮካዶ ሥር? ከዚያ የሚሻል ቦታ የት ይገኛል?»

ወጋየሁ በርሜሉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እናትየው ያውቁ ነበር። ልጃቸው ሸዋረገድም ነግራው ነበር፣ እዚያው ሸራው ሥር ቆማ፣ በራሷ አፍ። እሱ ነው አፏን ያስያዛት።

የዚያኑ ቀን ተሸክሟት ፉሪ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። «ትንሽ ትደግ» አለ። ስታድግ «ክረምቱ ይውጣ» አለ። ክረምቱ ሲወጣ «ብርዱ ይለፍ» አለ። መጋቢት ላይ ከጥርሷ መሃል ቀያይ እምቡጦች ብቅ ሲሉማ «እንዳታንቀሳቅሰው ተብያለሁ» ብሎ ደስ አለው። ደስ ማለቱ ራሱን አስጠላው።

ባለፈው ሚያዝያ አበበች። አምስት አበባ! ቀይ፣ እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ፣ እውነትም ሳህን የሚያህል። መንገደኛ ሁሉ እየቆመ አየ። ጉርሜሳ ሳይቀር ማሾፉን ትቶ «ይሄ ምንድን ነው አንተ?» አለው። ወጋየሁ ያንን ጆሮ ሰባራ ድስት አጠበ፣ ተክሉን ከነአፈሩ ቀስ አድርጎ አዛወረበት፣ ባጃጅ አስቆመና ጭኑ ላይ አድርጎ ፉሪ ሄደ። በመንገድ ሁሉ የሚለውን ሲያጠና ነበር።

ሸዋረገድ በሩን ከፍታ አበባውን ስታይ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«በስመ አብ! እሱ ራሱ! ድስቱም ያው የሷው! ጋሽ ወጋየሁ፣ ከየት ፈልገው አገኙት? ነገ እኮ ሦስተኛ ሙት ዓመቷ ነው!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «የሷ ባይሆንም ዘመዱ ነው። የሷንማ እኔ ገደልኩት። ለኔ ብለው ይሄን ያህል ሲደክሙ… እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ!»

መንገዱ ክፍት ነበር። «አሜን» ብሎ ምርቃቱን ተቀብሎ መመለስ ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም። 

«የእናትሽ ነው» አለ።

«እንዴት?»

«የዛን ዕለት ዞር ስትይ ጫፉን ቀንጥቤ ደብቄብሽ ነበር። ተክሉንም አላውቀውም ነበር። ቁልቋል አልነበረም። ፀሐይ አያስፈልገውም ነበር።»

ሸዋረገድ እጇን ከራሷ ላይ አወረደች። 

«ያኔ ድስቱን ይዤ መጥቼ ሳለቅስ፣ ይሄ የት ነበር?»

«ከጀርባዬ።»

«በሕይወት?»

«ሁለት ቡቃያ ነበረው።»

«‹ውሃው ይሆናል› አልከኝ እኮ» አለች። አንተ ብላው አታውቅም ነበር። ድምፅዋም ከፍ አላለም፤ ምነው በጮኸችብኝ አለ ወጋየሁ በልቡ። «እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ያችን አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳስብ ነው የኖርኩት። ለንስሐ አባቴ ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ‹የእናቴን አደራ በውሃ ገደልኩ› ብዬ። ሳቁብኝ። እኔ ግን አለቀስኩ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ወጋየሁ። ያጠናው ነገር ሁሉ ጠፍቶበት የቀረችው ይቺው ነበረች።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም። ድስቱን ከእጁ ተቀበለችው፤ አንዱ አበባ አገጯን ነካት። በሩን ልትዘጋ ስትል ቆም አለች።

«እንዴት ነው የሚያዘው?»

«እናትሽ እንደያዙት» አለ። «ጥላ ሥር። የበሰበሰ ቅጠል። ላዩ ሲደርቅ ውሃ አጠጪው፣ አትፍሪ።»

«ስሙስ?»

ወጋየሁ ቲና የነገረችውን ረዥም ስም ሊያስታውስ ሞከረ፤ አንድ ፊደል አልመጣለትም። የፈጠራ ስም ግን፣ እንደ ልማዱ፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም» አለ።

ሸዋረገድ በሩን ዘጋችው። ወጋየሁ ወዲያው አልሄደም፤ ባጃጁ ጥሩምባ እስኪነፋበት ድረስ እዚያው ቆመ። ከአጥሩ ወዲያ ቧንቧ ተከፈተ፣ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ሲቀዳ ተሰማው።