የማይሸጠው የመጀመሪያ ጣሳ

ይህ የደረሰብኝ ባጃጅ ቡታጅራ አዲስ ገብቶ፣ ሰው ለመሄድ ሳይሆን ለመታየት በሚሳፈርበት ጊዜ፣ ከሚሊኒየሙ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እስከ ዛሬ ጉሽ ጠላ ሲቀዳልኝ ወዲያው አልጠጣም። ጣሳውን ይዤ ትንሽ ፈዝዤ እቆያለሁ። ጓደኞቼ "ይሄ ሰውዬ ጠላ ላይ ጸሎት ጀመረ" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! የደረሰብኝ ቢደርስባቸው እነሱም ይፈዙ ነበር።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። እናቴ ውድነሽ ጠላ ሻጭ ነበረች። እናቴ ስለሆነች አይደለም፣ የእሷን ጉሽ የቀመሰ ቡታጅሬ ሁሉ ምስክሬ ነው። ጉሽ ማለት ጠላው ሳይጠራ፣ ገና እየፈላ፣ ድፍርስርስ እንዳለ የሚቀዳው ነው። ቀኑ አጭር ነው። ዛሬ ያመለጠህ ጉሽ ነገ ጠርቶ ሌላ መጠጥ ሆኖ ይጠብቅሃል። በራችን ላይ በቆመው እንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቶ ሲታይ፣ የገበያ ሰው ሸክሙን ሳያራግፍ ወደ እኛ ይታጠፍ ነበር።

ለመስቀል ግን የመጀመሪያው ጣሳ አይሸጥም። በቤታችን ደንብ ከጋኗ መጀመሪያ የተቀዳው የአባቴ ነው። እናቴ ትቀዳለች፣ ትቀምሳለች፣ በሁለት እጇ ትሰጠዋለች። አባቴ ጋሽ ሳህሌ ጣሳውን ይዞ ብድግ ይልና ይመርቀናል። እሱ በሌላ ጊዜ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ቃል በዚያች ቀን ያወጣዋል። ከምርቃቱ በፊት ክትፎውን የሚነካ የለም።

እናቴ ታመመች ሳይባል ሞተች። ተዝካሯ ከወጣ በኋላ አባቴ "ጋኗስ?" ብሎ ጠየቀ። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። ጓዳ ብንፈልግ የለች፣ ጎረቤት ብንጠይቅ የለች። በለቅሶው ግርግር አንዱ ወስዷት ነው አልን። አባቴ "ከሐዘን ቤት ይሰረቃል?" አለና ሁለተኛ አላነሳትም።

በመጀመሪያው መስቀል ከጎረቤት ጠላ አስመጣንለት። ጣሳውን ይዞ ተነሳ። አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እኛ አሜን ለማለት እጃችንን ዘርግተን እንጠብቃለን፣ እሱ ጣሳውን ያያል። በመጨረሻ መሬት አስቀመጠውና ጓዳ ገብቶ ተኛ። ከዚያ ወዲህ መስቀል በመጣ ቁጥር ጓዳ ይገባል፣ እኛም ያለ ምርቃት እንደ ሌባ በዝምታ እንበላለን።

ታናሽ ወንድሜ ተካ ወልቂጤ አስተማሪ ነበር። በዚያ ዓመት ፍልሰታ እንደተፈታ መጣና "ለመስቀል እጮኛዬን ከነአባቷ ይዣት እመጣለሁ" አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። የልጅቷ አባት "የወንዱ አባት በአፉ ሳይመርቃችሁ ልጄን አልሰጥም" ብለዋል። እሳቸውም አልተሳሳቱም፤ እኛ አገር ያልተመረቀ ትዳር መሠረት የሌለው ቤት ነው።

ተካ የተማረ ነውና አባባን በጠርሙስ ቢራ ሊሞክረው ፈለገ። አባባ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። "ታቹ ይታያል" አለ። "ታቹ የሚታይ ነገር ይዤ ምን ብዬ ልመርቅ?"

በቃ፣ እኔው ጉሽ ፍለጋ ወጣሁ። በቡታጅራ ያልገባሁበት ጠላ ቤት የለም። አንዷ ጌሾ አብዝታ ከንፈር ትልጣለች። አንዷ ወንዝ የወረደባት ይመስል ውሃ ነው። ሌላዋ ጋኗን አጥና አጥና ጠላው ሳይሆን የተቃጠለ ቤት የጠጣሁ መሰለኝ። የተሻለ ያልኩትን በጀሪካን ለአባባ እወስድለታለሁ፤ ያሸተዋል፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ አንተ ጠጣው" ይለኛል። እጠጣዋለሁ። ሚስቴ "ለአባትህ ነው የምትፈልገው ወይስ ለራስህ?" ብላ ማኩረፍ ጀመረች።

አንድ የገበያ ቀን የሰፋሁትን ዩኒፎርም ላደርስ እንሴኖ ሄድኩ። እዚያ ጋሽ ነስሩ የሚባል የበርበሬ ነጋዴ ደንበኛ አለኝ። "አሰላሙ አለይኩም፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የጠወለግኸው?" አለኝ። ሙስሊም ነው፣ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሆድ ቢብሰኝ ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

ትንሽ አሰበ። "ወላሂ፣ እኔ ጣዕሙን አላውቅልህም" አለ። "ግን ከመስጊድ ስመለስ በአንድ ጠላ ቤት አጥር በኩል ነው የማልፈው። ሌላው ጠላ ቤት ይጮሃል፣ ይጣላል፣ ይዘፍናል። እዚያ ቤት ግን ሰዎቹ ዝም ይላሉ። ጠጪ ዝም ካለ መጠጡ ምን ቢሆን ነው?"

ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ገባኝ። ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ እራሱ ወሰደኝ። አጥሩ ጋ ስንደርስ "እኔ እዚህ ድረስ ነኝ። አላህ ያግዝህ" ብሎኝ ተመለሰ።

ጣሳው እንጨቱ ላይ ገና መደፋቱ ነበር። "ቤቶች!" ብዬ ገባሁ። ማንም ሰው የለም፣ የመጀመሪያው እንግዳ እኔ ነኝ። ነጠላዋን ያሸረጠች ጎልማሳ ሴት ከጓዳ ቀድታ ወጣች። ስሟ ፈለቀች እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት። ከጣሳው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

"የመጀመሪያው ነው፣ አይሸጥም" አለች። "ነፍስ ይማር በልና ጠጣ።"

"የማንን ነፍስ?"

"የአንዲት ደግ ሴት። አንተ ብቻ በል።"

ይቺ ደግሞ ገበያ መሳቢያ አገኘች አልኩ በሆዴ። "ነፍስ ይማር" አልኩ እንደ ነገሩ፣ ጠጣሁ።

ወይ ጉድ! እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? መልኩ የገብስ ነዶ ነው፤ ድፍርስ፣ ብርሃን ገብቶበት የማይወጣ፣ አረፋው ከላይ ቀስ እያለ የሚተነፍስ። መጀመሪያ የገብሱ ጣፋጭነት መጣ። ቀጥሎ የትርንጎ ልጣጭ የሚመስል ሽታ በአፍንጫዬ ወጣ። ጌሾው ከኋላ ደርሶ ምላሴን በልኩ ያዝ አደረጋት። ከዋጥኩት በኋላ የወይራው ጭስ ብቻውን ቀረ። መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ከአፌ የወጣው ቃል "እማዬ" የሚል ነበር።

ምላስ ይዋሻል ብዬ ደገምኩት። አልዋሸም። የልጅነቴ ቤት ነው፣ እሱው ራሱ።

"እትዬ፣ ጋኑን ማየት እችላለሁ?" አልኳት።

ሴትዮዋ ደነገጠች። "ጋኑ ምን አደረገህ?" አለች። ፈቃዷን አልጠበቅሁም፣ ዘው ብዬ ጓዳ ገባሁ። ጥግ ላይ ቆማለች። አንገቷ በቃጫ ገመድ ታስሯል። ትከሻዋ ላይ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃው ሳይደርቅ በአውራ ጣቷ የተጫነችው ጎድጓዳ ምልክት አለ። ልጅ ሆኜ ጉሽ እስኪደርስ ስጠብቅ አውራ ጣቴን እዚያ ውስጥ ከትቼ ነበር የምቆመው። አሁንም ከተትኩት። ጥፍሬ ብቻ ገባ። 

"ይቺ ጋን የማን ናት?"

ፈለቀች በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ጣቴ የት እንዳለ አየች። ቀስ ብላ መሬት ተቀመጠችና "የእትዬ ውድነሽ ልጅ ነህ" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈለቀች ያኔ ቡታጅራ ተከራይታ ትኖር ነበር። ለልጇ ክርስትና እናቴ ጋኗን አዋሰቻት። እናቴ ለማን ምን እንዳዋሰች ለእኛ ነግራን አታውቅም፤ ለሽያጩ ሌሎች ጋኖችም ስለነበሯት መጉደሏን ልብ አላልንም። ክርስትናው እንዳለፈ የፈለቀች ባል እንሴኖ ሥራ አገኘና በጥድፊያ ተነሱ። ጋኗን ባዶዋን መመለስ ነውር ሆነባትና አብራ ይዛት ሄደች፣ ጠምቄባት ከነጠላዋ እመልሳታለሁ ብላ። ጠመቀች። ጋሪ ላይ ጭና ቡታጅራ መጣች። ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል።

"ማን ሞተ አልኩ፣ የጠላዋ ሴትዮ አሉኝ" አለች። "ጠላ የሞላ ጋን ይዤ ሐዘን ቤት ልግባ? እንካችሁ ዕቃችሁን ልበል? ጋሪውን አስመለስኩት። ወር ቆይቼ እሄዳለሁ አልኩ፣ አፈርኩ። ዓመት ሲሆን ደግሞ የባሰ አፈርኩ። ስለዚህ በጠመቅኩ ቁጥር የመጀመሪያውን ጣሳ አልሸጥም። ለገባው ሰው እሰጣለሁ፣ ነፍሷን ይማር ይልላታል።"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ! እኔ የገበያ መሳቢያ መስሎኝ "ነፍስ ይማር" ያልኩት ለገዛ እናቴ ነበር። እኛ ቤት ሌባ እየረገምን ስንቀመጥ፣ የእንሴኖ መንገደኛ ሁሉ ስሟን ሳያውቅ ነፍስ ይማር ሲልላት ኖሯል። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች። ሁለተኛው እንግዳ ሲገባ "ምነው፣ ለቅሶ ቤት ነው?" ብሎ ሊመለስ ነበር።

የአባባን ነገርና የተካን ጋብቻ ነገርኳት። "እንግዲያው ዛሬውኑ ልውሰዳት" አልኩ።

"ባዶዋን?" ብላ ቆጣ አለች። "በጭራሽ! ድፍድፉን እዚህ እጥላለሁ፣ ውሃውን እናንተ ቤት እሞላለሁ። ጉሹ ለመስቀል እዚያው ይደርሳል።"

እንዳለችውም መጣች። ከእንሴኖ ቡታጅራ ድረስ ጋኗን በጭድ ደግፈን በጋሪ አመጣናት። መንገዱን ሙሉ ባለጋሪውን "ቀስ በል! ቀስ!" እያልኩ አሰለቸሁት። "ታቦት ነው የጫንኩት?" አለኝ። አባባ ለመስቀል ከብት ሊገዛ ወጥቶ ስለነበር ሳያይ ሳሎኑ ጥግ አቆምናት፣ ውሃ ሞላንባትና በነጠላ ሸፈንናት። ካልተሳካ ሁለተኛ ልቡ እንዳይሰበር ብዬ ነው።

የመስቀል ዕለት የልጅቷ አባት ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀመጡ። ካፖርት ያላወለቀ እንግዳ ለመሄድ የተዘጋጀ እንግዳ ነው። ክትፎው ቀርቧል፣ የሚነካው የለም። አባባ እንደ ልማዱ ጓዳ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ተካ ላብ በላብ ሆኗል።

ፈለቀች ቀዳች። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ጓዳ ገባች፣ እኔም ተከተልኳት።

"ጋሽ ሳህሌ፣ የመጀመሪያው ነው" አለችው።

 አንገቱ ዞረ። ሽታው ነው ያዞረው። ተነስቶ ተቀመጠ፣ ጣሳውን ተቀበለ። ድፍርሱን ለረጅም ጊዜ አየው። ጠጣ። በባዶ እግሩ ጣሳውን እንደያዘ ወደ ሳሎን ወጣ። ነጠላውን ገለጠው። አውራ ጣቱን ከጋኗ ትከሻ ላይ አሳረፈ። እኔ ብቻ የማውቃት ጉድጓድ ትመስለኝ ነበር፤ ለካስ እሱም ያውቃታል።

"መጣሽ?" አላት።

 ከዚያ ዞሮ ጣሳውን ከፍ አደረገና አፉ ተፈታ። "ውለዱ፣ ክበዱ። ደጃችሁ ሰው አይጣ። ያዋሳችሁት ይመለስላችሁ፣ የሰጣችሁት ይብዛላችሁ…" እያለ ስንት ዓመት የታመቀውን ሁሉ አወጣው። አሜናችን ጎረቤት ድረስ ተሰማ። የልጅቷ አባት እንባቸውን እየጠረጉ ካፖርታቸውን አወለቁ።

ሲመሽ ፈለቀች ይቅርታ ልትጠይቅ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል አባባ አነሳት። "ጋን ካልጠመቁባት ትሞታለች" አላት። "አንቺ ነሽ በሕይወት ያቆየሻት። ውሰጃት።" ባዶዋን ግን አልሰደዳትም። ገብስና ጌሾ ሞላባት።

ተካ አገባ፣ ልጆችም ወልዷል። ጋኗ እስከ ዛሬ ለመስቀል ሞልታ ትመጣለች፣ ሞልታ ትመለሳለች። እናቴ ሞተች ስል አፌ እየተጠራጠረ የመጣው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሸክላ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር አልገባኝም፣ እንዲገባኝም አልፈልግም፤ መገረሙ ይበቃኛል።

አባባም ካለፈ ቆይቷል። ባለፈው እንሴኖ ስሄድ ከእትዬ ፈለቀች ቤት አንድ የማላውቀው ወጣት ቀድሞኝ ገብቶ ጣሳውን ይዟል። "የባልና ሚስቱን ነፍስ ይማር በል" አለችው። "የማንና የማን?" አላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። "አንተ ብቻ በል" አልኩት።

አለ። ጠጣ። ዝም አለ።