ብርቱካናማዋ የመርዶ መኪና

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከእናቴና ከኔ ቀጥሎ በዓለም ላይ የሚወደው ነገር መኪናው ነበረች። «ቀጥሎ» ያልኩት ለእናቴ ክብር ስል ነው። እሷ ግን እንዲህ ስል ብትሰማኝ ኖሮ ትስቅብኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አጠገቡ ቆማ ስትጠራው የማይሰማ ሰውዬ፣ መኪናዋ ላይ ወፍ ጠብ ስታደርግ ከሦስተኛ ፎቅ ይሰማል ትል ነበር።

የምንኖረው አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ ነበር። ዘመኑ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። አባቴ እኛ ከመምጣታችን በፊት፣ በሰባዎቹ መጨረሻ፣ መርከብ ላይ በሞተር ክፍል ሲሠራ ቆይቶ ሮተርዳም ሲደርስ ወርዶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። በኋላም እዚያው ወደብ ላይ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። መኪናዋን ያገኛት በዚሁ ሥራ ነው። ከአሜሪካ በኮንቴይነር መጥታ ባለቤቷ ሳይወስዳት የቀረች፣ ወለሏን ዝገት የበሳው፣ ወንበሯ ውስጥ አይጥ የወለደባት ባለ ሁለት በር ነበረች። ለብረት አቅላጭ ሊሰጧት ሲሉ አባቴ ለኔ ስጡኝ አለ። ሳቁበትና ሰጡት።

ሦስት ክረምት ፈጀችበት። ቤታችን አጠገብ በተከራያት ጋራዥ ውስጥ ከሥሯ ተጋድሞ፣ እግሩ ብቻ እየታየኝ ነው ያደግኩት ብል ብዙ አላጋነንኩም። አሰብ በልጅነቱ የለቀመውን የመካኒክ ጣልያንኛ ከሆላንድኛ ጋር እያደባለቀ ኮፈኗን፣ ማርሚታዋን፣ ካምቢዮዋን በየስማቸው እየጠራ ያወራት ነበር። እኔ ጎማ ላይ ተቀምጬ የዘይትና የቀለም ሽታ እየማግኩ የትምህርት ቤት ወሬዬን እነግረዋለሁ፤ እሱ ከሥር «እህ» ይለኛል። ለኔ ይበል ለመኪናዋ እንጃ። በመጨረሻ ብርቱካናማ ቀባት፤ ኮፈኗ ላይ ሁለት ጥቁር ሰንበር አወጣላት። ሆላንዶቹ ለብሔራዊ ቡድናቸው ፍቅር ሲል የቀባት እየመሰላቸው መንገድ ላይ ያጨበጭቡለት ነበር። አባቴ ኳስ አይወድም። ከፋብሪካ ስትወጣ ይሄ ነበር ቀለሟ፣ በመላው ሆላንድ የዚህ ዓይነት እሷ ብቻ ናት ይል ነበር። ማን ነገረህ ሲሉት ይቆጣል።

ድምጿን ግን ማንም አይክደውም። ስምንት ሲሊንደር ነው። ቁልፉ ሲዞር መጀመሪያ ታጉረመርማለች፤ ከዚያ የወጥ ቤታችን ብርጭቆዎች መንጫጫት ይጀምራሉ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ገና ትልቁ መንገድ ላይ ሳለ እናቴ ወጡን ትጥዳለች፤ እሱ ደረጃውን ወጥቶ እስኪገባ ይሞቃል። ደሴ ለነበረችው እናቱ፣ ለአያቴ፣ በደብዳቤ ፋንታ ካሴት ነበር የሚልክላት፤ ያኔ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርግ ነበር። በአንዱ ካሴት ላይ ቴፑን ከጭስ ማውጫዋ፣ ከማርሚታዋ ኋላ አስቀምጦ ሞተሩን እስኪበቃው አስጮኸላት። ከወራት በኋላ መልሷ መጣ፦ ይሄ መኪና ነው አውሬ፣ ለማንኛውም ቀስ ብለህ ንዳ፣ አገር ሲረጋጋ መጥተህ ታንሸራሽረኛለህ። አባቴ ያንን እየመላለሰ እየሰማ እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር። መርከብ ጥሎ ለቀረ ለሱ ዓይነት ሰው በዚያ ጊዜ አገር ቤት መግባት የማይታሰብ ነው። እናቱን ካያት አሥር ዓመት አልፎት ነበር።

መዘዙ የመጣው መኪናዋ ብዙ ሰው ስለምትይዝ ነው። በሦስቱ ከተሞች፣ አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ሄግ፣ የምንተዋወቅ አበሾች ጥቂት ነበርን፤ መኪና ያለው ደግሞ በጣት የሚቆጠር። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ ስልክ የሚደወለው ለባለ ሐዘኑ ሳይሆን ሄግ ለሚኖሩት ለጋሽ ወርቁ ነበር። ጋሽ ወርቁ በዕድሜም በአንደበትም የሁላችንም ታላቅ ነበሩ። መርዶ ደግሞ እንደምታውቁት ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከሌላ አፍ ሳይሰማ። በዚያ ሰዓት ባቡር የለም። ስለዚህ ጋሽ ወርቁ ለአባቴ ይደውላሉ።

ሴት ስትወድቅ የሚይዝ ሴት ያስፈልጋልና ከሌላው የአምስተርዳም ሰፈር፣ ከኢንዲሸ ቡርት፣ እትዬ አልማዝ ይጨመራሉ። ወንድ ሲወድቅ የሚይዝ ደግሞ ኃይሉ ነበር፤ ከኛው ሕንጻ በሌላኛው መግቢያ የሚኖር ጠንካራ ጎልማሳ። የኋላ በር የሌላት መኪና ስለሆነች የፊቱ ወንበር ታጥፎ ነው ወደ ኋላ የሚገባው። እትዬ አልማዝ ደልደል ያሉ ነበሩ፤ ይሄን መኪና የሠራው ሰውዬ እናት የለውም እንዴ እያሉ፣ ኃይሉ ከኋላ እየደገፋቸው ነበር የሚገቡት። አባቴ ለመኪናዋ ሲል እንጂ ለእሳቸው ሲል አይደለም በሩን ቀስ ብሎ የሚዘጋው።

እየዋለ እያደረ ሰዉ ድምጿን መፍራት ጀመረ። ለፋሲካ ሮተርዳም የሆኑ ሰዎች ቤት ተጠርተን ስንደርስ ባለቤትየዋ ድምጿን ሰምታ ትሪ ከእጇ ወድቆ ጠበቀን። የዶሮ ወጡ ምንጣፍ ላይ ነበር። ልጃቸው፣ እኩያዬ፣ በሆላንድኛ የሞት መኪና መጣች አለች። እኔም ፀጉሯን ያዝኩ፤ ሁለት ሰው ነው ያላቀቀን። በመልስ ጉዟችን እናቴ ባለጌ ስትለኝ አባቴ ምን ብላሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «አንተ ግን የምትነዳት መኪና ለምንድን ነው እንዲህ የምትጮኸው?» አልኩት። እኔ እዚህ ያደግኩ ልጅ ነኝና አባቴን አንተ ነበር የምለው፤ ጋሽ ወርቁንም አንተ ብዬ ስንቴ ተቆንጥጫለሁ። አባቴ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ አላላ። ቤት እስክንደርስ በዝግታ ነዳ።

ሙሉ በሙሉ የሰበረው ግን የትርሲት ነገር ነው። ትርሲት ሄግ በአስተናጋጅነት የምትሠራ ወጣት ሴት ነበረች። ወንድሟ አዲስ አበባ ሞቶ ሊያረዷት ሄዱ። ገና ከመንገዱ ጫፍ ሰምታቸው ኖሮ ደረጃውን ወጥተው ሲያንኳኩ አልከፍትም አለች። ከበሩ ኋላ ሆና መኪናዋን ሰምቻታለሁ፣ ተመለሱ፣ እኔ ዘንድ ምንም ጉዳይ የላችሁም እያለች ለመነቻቸው። በሩን ካልከፈተች ወንድሟ አልሞተም። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት፤ የከፈተችላቸው በደንብ ከነጋ በኋላ ነው። አባቴ ያን ቀን ሥራ አልሄደም። ጋራዥ ገብቶ መኪናዋን ሳይነካት አጠገቧ ተቀምጦ ዋለ። ሰው በደስታ እንዲዞርባት ብዬ የሠራኋት መኪና ሰውን በር ታስዘጋለች፣ ምን ጉድ ነው አለ ለእናቴ። ሽጣታ አለችው። ለሳምንት አኮረፋት።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ዘዴ አመጣ። መርዶው ቤት ሳይደርሱ፣ ማዕዘኑ ላይ፣ ሞተሩን ያጠፋል። የቀረውን መንገድ ይገፋሉ። ሞተሩ ሲጠፋ መሪዋ ስለሚከብድ ከሱ በቀር የሚችላት የለም፤ ስለዚህ እሱ ተቀምጦ ጋሽ ወርቁ ከነባርኔጣቸው፣ እትዬ አልማዝ እየተራገሙ፣ ኃይሉ ከመሐል ይገፋሉ። መጀመሪያ ቀን ሮተርዳም ውሻውን ሊያናፍስ የወጣ ሆላንዳዊ ባትሪዋ አልቆ መስሎት መጥቶ አብሮ ገፋላቸው። ወዴት እንደሚገፋ እንኳ አልጠየቀም። በሩ ተከፍቶ ጩኸቱ ሲሰማ ውሻውን ታቅፎ መንገድ ላይ ደርቆ እንደቀረ ኃይሉ አሥር ጊዜ ነግሮናል። እናቴ ማሳቅ አይገባህም እያለች ትስቅ ነበር።

በዓመቱ ገደማ አንድ እሑድ እናቴ ያልተለመደ ነገር አደረገች። ያቺ መኪና ሆዴን ትበጠብጠኛለች እያለች የማትገባባት ሴትዮ፣ ባሕሩ ድረስ አንሸራሽረን አለችው። አባቴ ጆሮውን ማመን አቃተው። ነጩን ሸሚዙን ለበሰ። አሸዋው ዳር ፈረንጆቹ መኪናዋን ከበው ሲጠይቁት ስለ ካርቡራተሩ፣ ስለ ማርሚታው ዘርዝሮ አልጠግብ አለ፤ እናቴም አጠገቡ ቆማ በቀልዱ ሁሉ ሳቀች። አንዴም አልተከራከረችውም። ምን ነካት ብዬ ነበር። እኛን ይዞ ሲመለስ ያፏጭ ነበር።

በማግስቱ ሳይነጋ ጋሽ ወርቁን ሊያመጣ ወደ ሄግ ወጣ። ወትሮ ማን እንደሞተ አስቀድመው ይነግሩታል፤ የዚያን ቀን ግን መንገድ ላይ እነግርሃለሁ ነበር ያሉት። ኃይሉን ልቀስቅሰው ወይ ብሎ ሲጠይቃቸውም ኃይሉን ተወው አሉት። በቃ፣ ገባው። በር ላይ ቆሞ የኃይሉ እናት ሳትሆን አትቀርም፣ ምስኪን፣ ታማ ነበር አለ ለእናቴ። እሷ ጎንበስ ብላ የኔን ጫማ ታስተካክል ነበር። መኪናዋ ስታጉረመርም፣ ከዚያም ድምጿ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁ።

ወዲያው በራችን ተንኳኳ። ኃይሉ ነበር። ሶፋውን በአንድ ጫፍ ያዘ፤ እናቴ በሌላው ያዘች። ወንበሮቹን ወደ መኝታ ቤት አስገቡ፤ ፍራሽ አውጥተው ወለሉ ላይ አነጠፉ። ምን እያደረጋችሁ ነው አልኩ። እናቴ አንገቴን ይዛ አያትሽ አርፋለች አለችኝ፤ አባትሽ ገና አልሰማም። ከጋሽ ወርቁ የሰማችው ዓርብ ዕለት ነበር። እሱ እንዳይጠረጥራት ሦስት ቀን ሙሉ ስትስቅ ከርማለች። ያን ጊዜ ነው የባሕሩ ነገር የገባኝ።

መብራት አጥፍተን ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆምን። ወገግ ሲል መኪናዋ ከማዕዘኑ ያለ ድምፅ ብቅ አለች። አባቴ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ጋሽ ወርቁ፣ እትዬ አልማዝና ከሄግ ያስከተሉት አንድ ተማሪ ይገፋሉ። አባቴ ሞተሩን ያጠፋው ኃይሉ እንዳይሰማ ብሎ ነው። ኃይሉ እኔ አጠገብ ቆሞ ያለቅሳል።

የኃይሉ መግቢያ ከኛ ይቀድማል። እዚያ ሲደርሱ አባቴ እጁን በመስኮት አውጥቶ በቃ፣ ደረስን የሚል ምልክት አሳያቸው። አልቆሙም። አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ አያቸው። ጋሽ ወርቁ መሬት መሬት እያዩ ይገፋሉ። ፍሬኑን መያዝ ይችል ነበር፤ አልያዘም። ፊቱን መለሰ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገ፣ መኪናዋም እየተንፏቀቀች እስከኛ በር መጣች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙም ማውራት አልወድም። አባቴን እንዲያ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ኃይሉና ተማሪው አንድ ላይ ሆነው እንኳ ሊይዙት አልቻሉም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ጋሽ ወርቁ ሊጠይቁት መጡ። አባቴ ከእንግዲህ አናስገፋም አላቸው። መግፋት ሳንጀምር ሰው ሁሉ አልጋው ላይ ሆኖ መኪናዬን ይሰማ፣ ልቡን ይይዝ ነበር፤ ለኔ ግን የሚያስጠነቅቀኝ አልነበረም አላቸው። ትርሲት በሩን ዘግታ የቆመችው ከኛ ሸሽታ አይደለም፣ ጊዜ አስፈልጓት ነው፤ ያንን ጊዜ ነው ከሰው ላይ የወሰድነው አለ። ጋሽ ወርቁ ይሁን፣ እንዳልክ አሉት። ከዚያ ወዲህ እስከ በሩ ድረስ በሙሉ ድምጿ ነበር የምትሄደው። ያጉረመረመ ሰው አልጠፋም። በር የዘጋ ግን አልሰማሁም።

ዛሬ መርዶ በስልክ ነው። የሞተው ሰው ፎቶ፣ ሥሩ ሻማና የተጣመሩ እጆች፣ ከዚያ የሃምሳ ሰው «ነፍስ ይማር»። ማለዳ አይጠበቅ፣ ሰው አይታሰብ። የአክስቴን ሞት ያነበብኩት ትራም ላይ ቆሜ፣ በአንድ እጄ የገበያ ከረጢት ይዤ ነው። ማንም አልያዘኝም። እንደ ደህና ሰው ፌርማታዬ ላይ ወረድኩ።

ባለፈው ክረምት ጋሽ ወርቁ አረፉ። ለኔም እንደተለመደው በስልኬ መጣልኝ። አባቴ እናቴ ካለፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ዓይኑ ደክሟል፣ መንዳት ከተወ ቆይቷል፣ የመኪናዋን ቁልፍም ለኔ ሰጥቶኛል። አንዳንዶቹ ደውይለትና ንገሪው አሉኝ። አልደወልኩም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ድምፅ የሌላትን የኤሌክትሪክ መኪናዬን ትቼ ብርቱካናማዋን አስነሳሁ። የጎረቤት መብራት ሁሉ በራ። ኦስዶርፕ ስደርስ ማርሹን ዝቅ አድርጌ፣ ጋዝ እየሰጠሁ፣ በዝግታ ነዳሁ። አባቴ ካፖርቱን በፒጃማው ላይ ደርቦ፣ የሕንጻውን መግቢያ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ጠበቀኝ። መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋሁም።

«ማን ነው?» አለኝ።