የብር ወንዝ ዓይነ ምድር

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ቤት ስታጸዳ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ በራችንን ደግፎ የኖረውን ነጭ ድንጋይ አንስታ «ይኼ ይጣል?» አለች። ከወንበሬ እንደ ፌንጣ ዘለልኩ። «እኔን ጣይኝ እንጂ እሱን አትጣይው።»

ድንጋዩን ሳገኘው ፍኖተ ሰላም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የምናገረውን የሚያምን ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱ ግን የእነሱ አይደለም። ብር ወንዝ ውስጥ አህያ የሚያክል ዓሣ አየሁ ያልኩት እኔ ነኝ። (ቢበዛ ጥጃ ቢያክል ነው።)

ከጓደኛዬ ከይታያል ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋይ እንለቅም ነበር። መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ወንዙ ጎደል ሲል፣ የበቆሎ እሸት ጠብሰን እየጋጥን ወረድን። ከተናደ ገደል ሥር ጫፉ የሾለ፣ ጥምዝምዝ ያለ ነጭ ድንጋይ አገኘሁ። ስብርባሪ አጥንት ተሰክቶበታል።

«ይታያል፣ ይኼ ከዘመን ብዛት ድንጋይ የሆነ ፋንድያ ነው።»

«ትናንት ዓሣው፣ ዛሬ ፋንድያው። ነገ ፈረሱን ታመጣዋለህ።»

የባዮሎጂ መምህራችን ድንጋይ የሆነ አጥንት ምላስ ይይዛል ብለውን ነበርና ላስኩት። ያዘኝ። ይታያል በሳቅ ሆዱን ይዞ ጭቃው ላይ ተንከባለለ። እንግዲህ ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ ወይ ድንቅ ነገር ያገኘ ሰው ነኝ፣ ወይ ፋንድያ ላሽ። አገሩ ሁሉ የሚያምነው ምስክር ያስፈልገኝ ነበር። ዳገቱን ወጥተን የደብሩ የቅኔ መምህር የኔታ ዘንድ ሄድን።

የኔታ ከዋርካው ጥላ ተቀምጠው ድንጋዩን አገላበጡ፣ አሸተቱ፣ አጥንቱን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ጅብ አጥንት ይበላል፤ የሚጥለውም ነጭ ነው። ይመስላል። ነው ብዬ ግን አልምልም።»

«ታዲያ ምን ልበለው የኔታ?»

«ዓይነ ምድር በለው። ሰሙ እዳሪ ነው፤ ወርቁ የምድር ዓይን። ስንቱን አይታበት ይሆን?» ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። «አንተስ ስምህ ይታያል አይደል? ምነው ሳይታይህ ቀረ?»

ሰኞ ይታያል ራሱ አወራልኝ። ጅቡን ግን ጎጆ የሚያክል አደረገው፤ እኔ እንኳ አፈርኩ። የክፍሉ ልጆች አመኑኝ አልልም፤ ድንጋዩን ግን እየተቀባበሉ አዩት። ሊልሱ የጠየቁም ነበሩ።

አሁን ባለፈው ቅዳሜ ጂኦሎጂ የምታጠናው ልጄ በቡሬ ሚኒባስ መጣች። ድንጋዩን በማጉያ መነጽር እያገላበጠች አየችው።

«ሊሆን ይችላል አባዬ። አጥንት ላይ ኖራ ተጠቅልሎም ሊሆን ይችላል። ላብራቶሪ ተቆርጦ ይታያል።»

ሳታውቀው የጓደኛዬን ስም ስትጠራው ሳቄ አመለጠኝ። ዕድሜ ልኬን የተናገርኩትን ሁሉ እርግጠኛ ሆኜ ነው የተናገርኩት፤ አብዛኛውም ውሸት ነበር። «ሊሆን ይችላል» የተባለልኝ ነገር ይኼ አንድ ድንጋይ ብቻ ነው።

በጋዜጣ ጠቅልላ ወሰደችው። አሁን ነፋስ በመጣ ቁጥር በሩ ይላተማል። ባለቤቴ ሌላ ድንጋይ ልታመጣ ስትነሳ ቦታው የተያዘ ነው አልኳት።