ወፍጮው ይከፈት፣ ሰውየው ይቆይ

መርሳ ሰላም ሆናለች ሲባል፣ ከተጠለልኩበት ገጠር በእግሬ ተመለስኩ። የንግድ ፈቃድ የምንሰጥበት ቢሮ መስኮቱ ረግፎ፣ ኮምፒውተሮቹ ተወስደው፣ ፋይሉ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ጠበቀን። ሊነበብ የሚችለውን ለቀምን፣ ዝናብ የመታውን ተውን። ከዚያ አንድ ጠረጴዛ በረንዳው ላይ አወጣንና ሥራ ጀመርን።

ከወልድያ የደረሰን መመሪያ የቃል ነበር። ሕዝቡ የግድ የሚያስፈልገው ቀድሞ ይከፈት፤ ዳቦ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ጋራዥ። ፈቃዱ የጠፋበት ጊዜያዊ ይሰጠው። ነገር ግን አሠሪው የሚያሠራቸውን ሰዎች ይዞ ይቅረብ፣ እነሱም ይጣሩ ተባለ። ስለዚህ ጠረጴዛው ዘንድ ሁለት ሆነን ተቀመጥን፤ ፈቃዱን የምጽፈው እኔና ሠራተኞቹን የሚያጣራው ከጸጥታ የተመደበ ሰው።

መጀመሪያ የመጡት ብዙዎቹ ከስማቸው በቀር ምንም አልቀራቸውም። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት አልነበረውም። የጋራዡ ባለቤት መፍቻዎቹ ሁሉ ሄደው ክሪኩ ብቻ ነው የተረፈለት። ፎቶ ቤት የነበረው ሰውዬም ተሰለፈ።

"ካሜራ ሳይኖርህ በምን ልታነሣ ነው?" አልኩት።

"ፈቃድ ካለኝ የሚያውሰኝ አላጣም። ቤት ቁጭ ብዬ ጣራ ከማይ" አለ። ሰጠነው።

አንድ ጠዋት የወፍጮ ቤቷ ባለቤት መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወፍጮውን ብቻቸውን የያዙ፣ በከተማው የታወቁ ሙስሊም እናት ናቸው። ከኋላቸው ሠራተኛቸው ነበር፤ ከቆቦ ማዶ ተወልዶ በልጅነቱ መርሳ የገባ፣ አማርኛው ውስጥ ትግርኛ የሚሰማበት፣ ዝምተኛ ሰው። መብራት ስላልነበር በከተማው ሊፈጭ የሚችለው የሳቸው የናፍጣ ሞተር ብቻ ነው። ሞተሩ የተረፈውም ይኸው ሰው ያለሱ የማይነሣበትን የናፍጣ ፓምፕ ፈትቶ ገለባ ውስጥ ስለደበቀው ነበር።

"አሰላሙ ዐለይኩም። አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ተገናኘን" አሉ፤ መታወቂያቸውንም አቀረቡ። የሠራተኛው በሽሽት ጠፍቶ ነበር።

የጸጥታው ሰው ጥቂት ጠየቀው። ከየት እንደመጣ፣ ዘመዶቹ የት እንዳሉ። እሱም አልደበቀም። ከዚያ የጸጥታው ሰው ወደ እሳቸው ዞረ።

"እናቴ፣ ወፍጮው ይከፈት። ይህ ሰው ግን ለጊዜው ይቆይ።"

"የት ይቆይ?"

"ሥራ አይግባ ማለቴ ነው። ሌላ ሰው ይፈልጉ።"

"እኔ ያሳደግሁት ነው፤ ወላሂ ከልጆቼ ለይቼው አላውቅም። እሱ ካልተፈቀደለት ለኔም አልተፈቀደልኝም" አሉና፣ የጻፍኩትን ወረቀት ሳይወስዱ ሄዱ።

ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ ሰነበተ። እህል ያለው ሰው እንኳ ንፍሮ እየቀቀለ ነበር የሚበላው። ሴቶች ጆንያቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ፤ እሳቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው "ቢሮውን ጠይቁ" እያሉ ወደ እኛ ይመልሷቸዋል። ወልድያ ስልክ የሚሠራበት ሰዓት ጠብቄ አለቃዬን ጠየቅሁ። "ፈቃድ የምንሰጠው ለሥራ ነው፤ ስለ ሰው ጸጥታን አነጋግሪ" አለኝ። ጸጥታ ደግሞ አጠገቤ ነው የተቀመጠው።

በመጨረሻ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ትንሽ እንዲለዝቡ ልለምናቸው ነበር አሳቤ።

"የጸጥታው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም" አልኳቸው። "ወንድሙ በዚህ ጦርነት ነው የሞተበት። በቅርቡ ነው የተረዳው።"

ክው አሉ።

"ወንድሙ ሞቶ ነው? ለቅሶ ሳልደርሰው ነው እንዴ ስከራከረው የቆየሁት? ምነው ልጄ፣ ቀድመሽ ብትነግሪኝ?"

ወዲያው ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ። ሠራተኛውን ጠሩት። "ና፣ ለቅሶ እንድረስ።"

እሱ ፈዞ ቆመ። "እማማ፣ እኔ ብመጣ ደስ ይላቸዋል?"

"ለቅሶ ደስ እንዲል ነው እንዴ የሚኬደው? ና።"

ቀርቼ ምን ይፈጠር ይሆን እያልኩ መቀመጥ ስላልቻልኩ ተከተልኳቸው። ወደ ቤቱ ስንገባ የጸጥታው ሰው ከሰዎች ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሠራተኛውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። እሳቸው "አላህ ያጽናህ፣ ልጄ" ብለው አጠገቡ ተቀመጡ። ሠራተኛው በሩ አጠገብ አቀርቅሮ ቆመ፤ እንባው ይወርድ ነበር። ለማን እንደሚያለቅስ እንጃ። የሱም እናት ስልክ ከተቋረጠበት ከቆቦ ማዶ ናት፣ ትኑር አትኑር አያውቅም። በመጨረሻ የሟቹ እናት፣ አሮጊቷ፣ ቀና ብለው "ልጁን ለምን አቆማችሁት? ቦታ ስጡት" አሉ። ተቀመጠ። ስለ ፈቃድ ማንም አላነሣም።

በማግስቱ የጸጥታው ሰው ገና ሳይቀመጥ "የወፍጮ ቤቷን ወረቀት አውጪ" አለኝ። የሠራተኛውን ስም ጨምሬ ጻፍኩ። በየሳምንቱ ቀበሌ እየመጣ ይታይ የሚል ግዴታ አስጨመረበትና ፈረመ። ሴትዮዋ ግዴታው ሲነበብላቸው ተናደዱ፣ ግን ወረቀቱን ተቀበሉ። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሣ፤ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደረሰ።

በሚቀጥለው ክረምት ማለቂያ ጦርነቱ እንደገና ሲነሣ የወልድያ ሰው በኛ በኩል ወደ ደሴ ይጎርፍ ጀመር። እኛም ወጣን። ሴትዮዋ፣ ሠራተኛውና እኔ በአንድ ሚኒባስ ነበርን። ውርጌሳ ላይ ፍተሻ ነበር፤ ሠራተኛውን አስወረዱት። ስሙ የተጻፈበትን የወፍጮ ቤቱን ፈቃድ አሳየ፣ አልረዳውም። ሹፌሩ መሄድ አለብኝ ሲል ሴትዮዋ ፌስታላቸውን ይዘው ወረዱ። እኔ ታናናሾቼን ይዤ ስለነበር መውረድ አልቻልኩም። በመስኮቱ ሳያቸው ከተያዘበት ቤት ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። እስኪለቁት ድረስ ከዚያ አልተነሡም ሲባል ሰማሁ።

ዛሬ መብራት ተመልሷል፤ እሳቸው አርጅተው ወፍጮውን የሚያሠራው እሱ ነው። እናቱ በሕይወት እንዳለች ስልክ ሲከፈት ሰማ። ባለፈው ጤፍ ላስፈጭ ሄጄ ስለ ውርጌሳው ቀን ጠየቅሁት።

"የጨነቀኝ ፀሐዩ ነው" አለኝ። "እሳቸው የተቀመጡበት ቦታ ጥላ አልነበረውም።"

ከዚያ ጆንያዬን አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።