ለሰው ልክ የሌለው መድኃኒት

ካራቆሬ ላይ የጸጥታ ሰዎች ከሚኒባስ አውርደው ሲወስዱኝ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው። ሸዋሮቢት ዳር ያለ አሮጌ የማሾ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። መስኮት የለውም። የቆርቆሮው ሙቀት እንደ ወላፈን ፊቴን መታኝ። እስረኛው ሁሉ እስከ ወገቡ ተራቁቶ ያክካል።

ቅማሉና ትኋኑ እንቅልፍ ነሳን። ከሁላችንም የባሰባቸው አጠገቤ የሚተኙት የማጀቴ ገበሬ ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ አስም አለባቸው። ገላቸው ከማከክ ብዛት ቆስሏል።

አንድ ቀን የጠባቂዎቹ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ አስጠራኝ። የሰብል ጥበቃ ባለሙያ መሆኔን ያውቃል። አጠገቡ ያለው ጠባቂ የሽንኩርት ፀረ ተባይና የመርጫ ዕቃ ይዟል።

«ልኩን ንገረንና ይረጭላችሁ» አለኝ።

«ሰዉን አውጡልንና ግድግዳው ይረጭ። እስኪናፈስ ውጭ እንቆይ።»

«ማስወጣት አልተፈቀደም።»

«እንግዲያው ልክ የለውም። መርዝ እኮ ነው፤ ሰው ላይ አይረጭም።»

«ተምሬያለሁ ትል የለ? አቅጥነው!»

ከኋላዬ አንዱ ጮኸ። «አቅጥንልን እንጂ! አንተ እምቢ ብትል እነሱ ይተዉናል?»

ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ እንደምንም አድርግልኝ። አንድ ሌሊት ልተኛ።»

«አባባ፣ ደረትዎ አይችለውም። ደግሞ እኔ አንዴ ልክ ካወጣሁለት፣ ባለሙያ ፈቅዷል ተብሎ ሌላውም እስረኛ ላይ ይረጫል።»

እጃቸውን ከክንዴ ላይ አነሱ።

ጠባቂው በግምት በጠበጠው። ግድግዳውንም እኛንም ረጭቶ በሩን ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ዓይናችን ያነባ፣ ያስታውከንም ጀመር። ሽማግሌው አፋቸው አረፋ ደፍቆ ወደቁ። በሩን ደበደብን። የከፈተ የለም።

በእጄ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ልብሳቸውን አውልቆ ማጠብ። ያለን የመጠጥ ውሃ ደግሞ አንድ ጀሪካን ብቻ ነው። ጉሮሯችን ነድዷል። የጮኸብኝ ሰው ሳልጠይቀው ጀሪካኑን አንስቶ ያፈስልኝ ጀመር። ጠቅልዬ ያስቀመጥኩትን ሸሚዝ አንስቼ ኀፍረታቸውን ሸፈንኩና አጠብኳቸው።

«ብታቀጥነው ኖሮስ?» አሉኝ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«አላውቅም፣ አባባ።»

በሩ ሲከፈት አርፈው ነበር።

ከተፈታሁ በኋላ ማጀቴ ሄጄ ባለቤታቸውን አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ሲያርፉ ብቻቸውን ነበሩ?» አሉኝ።

«አይ፣ እትዬ። ሁላችንም ተጠምተን ነበር፤ ውሃውን ግን ለእሳቸው አፈሰስነው።»

«አላህ ጀዛችሁን ይክፈላችሁ» ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

አሁን ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። እምቢ ማለቴ ትክክል እንደነበር የተማርኩት ሁሉ ይመሰክርልኛል። ያን ዕለት የሽማግሌው ባለቤት ፊት ተቀምጬ ግን ይህን ለመናገር አፌ አልታዘዘልኝም።