የአማና ቤት

በመኪና የሚጎተት አሮጌ ተሳቢ ቤት አለኝ፤ ኮምቦልቻ ላይ ለልደትና ለሽርሽር አከራየዋለሁ። ትናንት የደሴ ፒያሳ ነጋዴ ለልጁ ልደት ተከራይቶት በሩን ስከፍትለት የታፈነ ስፖንጅና የጋለ ቆርቆሮ ሽታ ፊቴን መታኝ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ ሐርቡ አጠገብ መንገድ ያሠራ የነበረ ፈረንጅ እንዲህ ያለውን ቤቱን፣ ከነቁልፉ፣ ለአባቴ በአማና፣ አደራ ብሎ፣ ትቶ አገሩ ሄደ። አባቴ እየከፈተ ያናፍሰዋል፤ እኛ ከደጅ ቆመን እናሸታለን። ረግጠነው አናውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወርዶ የጎጇችንን ጣሪያ ደረመሰው። እናቴ አራስ ነበረች። ጨቅላዋን እህቴን በጋቢ ጠቅልላ ወደ ተሳቢው ሮጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ክፈት!» አለችው አባቴን።

«የሰው አማና ነው፤ አልከፍትም።»

«ልጅህ ከፈረንጅ ፍራሽ አነሰች?»

«ወላሂ፣ አማና በላ ከምባል ልጄን ብቀብር ይሻለኛል!»

እናቴ መስኮቱን ልትሰብር ድንጋይ አነሳች። አባቴ ከፊቷ ተገተረ። «በእኔ ላይ አሳርፊው» አላት። በረዶው ሁለቱንም እየደበደባቸው ተፋጠጡ። በመጨረሻ ድንጋዩን ጣለችና እኔን ጎትታ ከተሳቢው ሥር፣ ጎማዎቹ መሀል፣ ጭቃው ላይ ገባች። ከራሳችን በላይ ደረቅ አልጋ አለ። አባቴ አልተከተለንም፤ ቁልፉን ጨብጦ በሩን እንደተደገፈ ቀረ።

የነጋዴው ልጆች ትናንት ፍራሹ ላይ ሲዘሉ ዋሉ። ይዝለሉ፤ ተከፍሎበታል። የእህቴ ደረት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልዳነም። አባቴንም እስኪሞት ድረስ አማና በላ ያለው የለም።